ግልጽ ደብዳቤ ለሎስ አንጀለስ ከተማ ምክር ቤት፦ የሮን ሀባርድን ስም ከመንገዳችን አውርዱልን

ይድረስ ለሎስ አንጀለስ ከተማ ምክር ቤት
ግልባጭ፦ በከተማዋ ለምትኖሩ ኢትዮጵያውያን መራጮች

የተከበራችሁ የምክር ቤቱ አባላት፣

በምስራቅ ሆሊውድ፣ ከሰንሴት ቡልቫርድ ተነስታ ፋውንቴን አቬኑ ላይ የምታበቃ አንዲት አጭር መንገድ አለች። ድሮ በረንዶ ነበር ስሟ፤ ከላይና ከታች የቀረው መንገድ ዛሬም በረንዶ ነው። መካከል ላይ ያለችውን ቁራጭ ግን በ1990ዎቹ አጋማሽ ምክር ቤታችሁ ሳይንቶሎጂ የተባለውን ሃይማኖታዊ ድርጅት በመሠረተው የልብወለድ ጸሐፊ ስም «ኤል. ሮን ሀባርድ ዌይ» ብሎ ሰየማት (በዚህ ደብዳቤ ያሉት ቀኖችና ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ጥያቄዬ አንድ ነው፤ ስሙ ይውረድና መንገዷ ወደ በረንዶነቷ ትመለስ።

ይህንኑ ደብዳቤ በእንግሊዝኛ ለጽሕፈት ቤታችሁ ልኬዋለሁ። በአማርኛ የማወጣው የኛ ሰው እዚህ ከተማ ግብር እየከፈለና ድምፅ እየሰጠ ይህን መሰል ጉዳይ ሲነሳ «የፈረንጅ ጣጣ ነው፣ እኛን አይመለከትም» ብሎ ስለሚያልፈው ነው። ይመለከተናል። መተዳደሪያዬ ሹፌርነት ነው፤ ሰንሴት ላይ ወዳሉት ሆስፒታሎች ሰው ሳመላልስ በዚያ ሰፈር የማላልፍበት ቀን ጥቂት ነው። ሰማያዊውን ትልቅ ሕንጻ፣ ጣሪያው ላይ «ሳይንቶሎጂ» የሚለውን ጽሑፍ፣ የባሕር ኃይል መኮንን የሚመስል ልብስ ለብሰው መንገዱን የሚሻገሩትን ወጣቶች ከመስታወቴ ጀርባ ሆኜ አያለሁ። ከወጣቶቹ ጋር ጠብ የለኝም። ሕንጻውንም ከ1977 ጀምሮ በገንዘባቸው ገዝተው ይዘውታል። በፊት «ሲዳርስ ኦፍ ሌባኖን» የሚባል ሆስፒታል ነበር። ግድግዳቸው ላይ የፈለጉትን ሰው ስም ይጻፉ። መንገዱ ላይ የቆመው ምሰሶና ታፔላው ግን የሁላችን ነው።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ግልጽ ላድርግ፣ «የሃይማኖት ጠላት» እንዳልባል። ይህ ምክር ቤት በ2002 ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ያለውን ሰፈራችንን «ሊትል ኢትዮጵያ» ብሎ ሲሰይምልን ደስታችን ወሰን አልነበረውም። የማይገባንን እምነትም መቻል እናውቃለን። የራስ ተፈሪ ወንድሞቻችን ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን እንደ አምላክ ያያሉ። ንጉሡ ሚያዝያ 1966 ኪንግስተን ሲገቡ አውሮፕላኑን የከበበው ሕዝብ ብዛት እሳቸውንም አስደንግጧል ይባላል። እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ፤ ንጉሡም ኦርቶዶክስ ነበሩ። ቢሆንም ድሬድሎክ ያለው ወዳጄ ሬስቶራንት ውስጥ አጠገቤ ቁጭ ብሎ ሽሮ ሲበላ «ተሳስተሃል» ብዬ አልነዘንዘውም። ደግሞም ስለ ንጉሡ የፈለግነውን እንናገራለን፤ ስለ ወሎው ረሃብ፣ ስለ መሬቱ ጉዳይ፣ ስለ አወዳደቃቸው አንዱ ሲያነሳ ሌላው ሲጥል ያመሻል። ይህን አልክ ብሎ ፍርድ ቤት የሚጎትተን የለም። ሮን ሀባርድን በሚመለከት ግን ነገሩ እንዲህ አልነበረም፤ ሰውየውን የመረመረ ሁሉ በተለይ በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ ብዙ ዋጋ ከፍሏል።

ሆሊውድ ቡልቫርድ ላይ ለሀባርድ ሕይወት የተሰጠ ኤግዚቢሽን አለ። እዚያ የምታገኙት ሰው አሳሽ፣ የጦር ጀግና፣ የሳይንስ ሊቅ ነው፤ ያልሆነው ነገር የለም። መዝገቡ የሚነግረን ደግሞ ይህን ነው። በ1911 ቲልደን፣ ነብራስካ ተወለደ። ዋሽንግተን ከተማ ያለው ጆርጅ ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ በ1930 ገባ፤ ሁለት ዓመት ያህል ተምሮ ያለ ዲግሪ ወጣ። በኋላ የኑክሌር ፊዚክስ ሊቅ ያሰኘችው አንዲት የአቶምና የሞለኪዩል ፊዚክስ ትምህርት ናት፤ እሷንም ወድቋል። «ዶክተር» የሚለው ማዕረጉ የመጣው ሴኮያ ዩኒቨርሲቲ ከሚባል እውቅና ከሌለው ተቋም ነው። የት የነበረ ይመስላችኋል? እዚሁ ሎስ አንጀለስ። በኋላ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ተዘግቷል። የተገዛ ዲግሪ ይዞ ወንበር የሚይዝ ሰው እኛ አገር ብርቅ ስላልሆነ በዚህ አልደነቅም፤ እኛ ግን ለነዚያ ሰዎች መንገድ አልሰየምንም።

የጦር ሜዳ ታሪኩን ደግሞ ረጋ ብላችሁ ስሙኝ። በ1943 ፒሲ-815 የምትባል ትንሽ የጦር መርከብ አዛዥ ሆኖ ከኦሪጎን ጠረፍ ወደ ሳንዲያጎ ይጓዝ ነበር። ግንቦት ላይ የጃፓን ሰርጓጅ መርከብ አገኘሁ አለና 68 ሰዓት ያህል ባሕሩን በቦምብ ደበደበ። አንዷን አሰጠምኩ፣ ሁለተኛዋን አሽመደመድኩ ብሎም ሪፖርት ጻፈ። የአካባቢው አዛዥ አድሚራል ፍራንክ ጃክ ፍሌቸር የሌሎቹን መርከቦች አዛዦች ቃል ተቀብለው የደረሱበት መደምደሚያ ግን በዚያ ቦታ ሰርጓጅ አልነበረም የሚል ነው፤ በባሕሩ ወለል ላይ መሣሪያን የሚያሳስት ማግኔትነት ያለው ክምችት እንዳለ አስቀድሞ ይታወቅ ነበር። ከወር ጥቂት አለፍ ብሎ ደግሞ ሜክሲኮ ኮሮናዶ ደሴቶች አጠገብ መልሕቅ ጥሎ የመድፍ ልምምድ ተኮሰ። ሜክሲኮ አቤት አለች፤ እሱም ከአዛዥነቱ ተነሳ። ይህን ለመሳቂያ አላነሳሁትም፤ ሃያ ዓመት ያልሞላቸው ልጆች በሚያልቁበት ጦርነት ተሳስቶ ባሕር መደብደብ ነውር አይደለም። ነውሩ የመጣው ቆይቶ፣ ታሪኩ እንደገና ሲጻፍ ነው። ከጦርነቱ ዓይኔ ጠፍቶ፣ እግሬ ሽባ ሆኖ ወጣሁ፤ በራሴ ዘዴ ራሴን ፈወስኩ አለ። ዳያኔቲክስ የተባለው የአእምሮ ፈውስ ዘዴው ሁሉ የቆመው በዚህ ፈውስ ላይ ነው። የባሕር ኃይሉ የሕክምና መዝገብ የሚያሳየው ኦክላንድ ሆስፒታል ተኝቶ በዋናነት ለአንጀት ቁስለት መታከሙን ነው፤ በጦርነት የቆሰለ ሰው የሚሰጠው ሜዳልያም የለውም።

ድርጅቱ ሲመልስ ሀባርድ የስለላ ሰው ስለነበር መዝገቡ ሆን ተብሎ ተቀይሯል ይላል። ማስረጃ ብሎ ያቀረበው የስንብት ወረቀት ላይ የፈረመው መኮንን ግን በባሕር ኃይሉ መዝገብ ሲፈለግ እንዲህ ያለ ሰው አልተገኘም። የድርጅቱ የዚያን ጊዜ ቃል አቀባይ ቶሚ ዴቪስ ራሱ ለ«ኒው ዮርከር» መጽሔት አዘጋጆች ሲያስረዳ፣ ሀባርድ ያልቆሰለ ከሆነ የፈወሰው ቁስል አልነበረም፤ ያ ከሆነ ዳያኔቲክስ በውሸት ላይ ቆሟል፤ ሳይንቶሎጂም እንዲሁ ብሏል። ከዚህ የበለጠ ምን ልጨምር? እሱ ይህን ያለው ቁስሉ እውነት ነው ብሎ ስለሚያምን ነው፤ ስሌቱ ግን ትክክል ነው።

አሁን ወደ እናንተው ደጅ ልምጣ። በ1980 ድርጅቱ ጄራልድ አርምስትሮንግ የተባለ አባሉን የሀባርድን የግል ወረቀቶች እንዲሰበስብ መደበው፤ የሕይወት ታሪኩ ሊጻፍ ነበር። አርምስትሮንግ ሰውየውን የሚወድ ታማኝ አባል ነበር። ሣጥኑን ከፍቶ ደብዳቤውን፣ ማስታወሻውን፣ የትምህርት ቤቱን ወረቀት አንድ በአንድ ሲያገላብጥ ሲሰበክ ከኖረው ጋር አልገጥም አለው። እንዲታረም ጠየቀ፤ አልሆነም፤ ወጣ። ድርጅቱም ሰነድ ወስደሃል ብሎ ከሰሰው። በ1984 የሎስ አንጀለስ ሱፐርየር ኮርት ዳኛ ፖል ብሬከንሪጅ ማስረጃውን መርምረው ለአርምስትሮንግ ፈረዱ፤ በውሳኔያቸውም ሀባርድን ታሪኩን፣ አነሳሱንና ሥራውን በሚመለከት ከሞላ ጎደል ውሸት በሽታ የሆነበት ሰው አድርጎ ማስረጃው እንደሚያሳየው ጻፉ። በ1991 የይግባኙ ፍርድ ቤት ውሳኔውን አጸናው።

እንግዲህ የምክር ቤቱ አባላት፣ አስቡት። በዚህችው ከተማ ያስቻለ ፍርድ ቤት በመሐላ የተሰጠ ምስክርነት ሰምቶ ይህን ጻፈ። ይግባኙ ካለቀ ጥቂት ዓመት እንኳ በቅጡ ሳይሞላ እናንተ መንገድ ሰየማችሁለት። ያን ቀን ፋይሉን ያነበበ አባል ነበር? የተቃወሙት ምን አሉ፣ የደገፉት ምን አሉ? ቃለ ጉባኤውን በግልጽ እንድታወጡት እፈልጋለሁ።

ከተማዋ ሰውየውን የምታውቀው ከዚያም በፊት ነው። ዳያኔቲክስ የተባለው መጽሐፉ ግንቦት 1950 ታትሞ እንደ ሰደድ እሳት ሲዛመት፣ በነሐሴ ወር ሽራይን አዳራሽ ውስጥ ስድስት ሺህ ያህል ሰው ተሰበሰበ። ሀባርድ የዓለም የመጀመሪያዋ «ክሊር» (በዘዴው አእምሮዋ ፍጹም የጠራ) ብሎ አንዲት የፊዚክስ ተማሪ ወደ መድረኩ አወጣ፤ ከሕይወቷ አንዲት ቅጽበት አትረሳም፣ ትዝታዋ ፍጹም ነው አለ። ተመልካቹ ጥያቄ ጀመረ። አንዱ የፊዚክስ ቀመር ጠየቃት፤ አልመጣላትም። ሌላው ደግሞ ብልህ ነው፣ ሀባርድ ጀርባውን በሰጠበት ሰዓት የክራቫቱን ቀለም ጠየቃት። ዝም አለች። ሰው ተነስቶ መውጣት ጀመረ። ሁልጊዜ የማዝነው ለልጅቷ ነው፤ ሥራዋ ትምህርቷ ነበር፣ ሌላ ሰው ለተናገረው ቃል መያዣ ሆና ስድስት ሺህ ሰው ፊት ቆመች። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት የሆነው ሁሉ ለኔ የዚያች ምሽት ቅጂ ነው፦ ሰውየው ይናገራል፣ ሌላው ይጋፈጥለታል።

በ1953 መጨረሻ ድርጅቱ ኒው ጀርሲ ውስጥ በቤተ ክርስቲያን ስም ተመዘገበ፤ በ1954 መጀመሪያ ደግሞ የካሊፎርኒያው። በ1967 ግብር ሰብሳቢው መሥሪያ ቤት የካሊፎርኒያውን ቤተ ክርስቲያን ከግብር ነጻነት ሰረዘው፤ ጥቅምት 1993 ከብዙ ክስና ክርክር በኋላ መለሰለት። ይህ የናንተ ሥራ ስላልሆነ አልፈዋለሁ።

የናንተ የሆነው ግን ይህ ነው። ሐምሌ 8 ቀን 1977 ኤፍቢአይ ዋሽንግተን ላይና እዚህ ሎስ አንጀለስ ላይ በአንድ ጠዋት ፍተሻ አደረገ፤ ከተፈተሹት ቦታዎች አንዱ ያ ሰማያዊ ሕንጻ ነው። የተገኘው የድርጅቱ ሰዎች የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ውስጥ ሰርገው ገብተው ሰነድ ሲሰርቁ እንደነበር የሚያሳይ ወረቀት ነው። ዘመቻውን «ስኖው ዋይት» ብለውት ነበር። 11 ሰው ተፈረደበት፤ አንዷ የሀባርድ ሚስት ሜሪ ሱ ናት። እሷ ወህኒ ወረደች፤ እሱ ያልተከሰሰ ተባባሪ ተብሎ በስም ተጠራ፣ ከሰው ዓይንም ተሰወረ። ፈረንሳይ በ1978 በማጭበርበር በሌለበት የአራት ዓመት እስራት ፈርዳበታለች። ኒው ዮርክ ውስጥ ስለ ድርጅቱ መጽሐፍ የጻፈችው ጋዜጠኛ ፖሌት ኩፐር ቦምብ አፈነዳለሁ ብላ እንደዛተች ተደርጎ በሐሰት ተከስሳ ነበር፤ ሤራው ለዓለም የታየው በነዚያው በተፈተሹት ወረቀቶች ነው። ፍተሻ የተካሄደበት ሕንጻ በር ላይ ያለችው መንገድ ዛሬ የመሥራቹን ስም ይዛለች። የዋሽንግተኑ ዳኛ፣ የፓሪሱ ዳኛ፣ የሎስ አንጀለሱ ዳኛ፣ ማንኛቸውም የናንተን ታፔላ አላዩም፤ ካዩት ይገረማሉ።

አሁን ስለ ጤና ልናገር፣ ለኛ ሰው የሚጠቅመው ይህኛው ስለሆነ። ከሳይንቶሎጂ ጋር ግንኙነት ያለው አንድ ቡድን ሰንሴት ቡልቫርድ ላይ የአእምሮ ሕክምናን «የሞት ኢንዱስትሪ» የሚል ሙዚየም አለው። የአእምሮ ሐኪምን መጥላት ከሀባርድ የተወረሰ ትምህርት ነው። ግን ጥቅምት 1947 ሀባርድ ራሱ ለጦር ተመላሾች አስተዳደር ደብዳቤ ጽፏል፤ ለረጅም ጊዜ የሚቆይ ጭፍግግ ያለ ስሜትና ራሱን የማጥፋት ሐሳብ እንዳለበት ገልጾ የአእምሮ ሕክምና እንዲደረግለት ይለምናል። ደብዳቤውን ሳነብ ሰውየውን ወደድኩት ማለት እችላለሁ። ከኤግዚቢሽኑ ጀግና ይልቅ ይህኛው ሰው ይታመናል፤ ታሟል፣ ታሜያለሁ ብሏል፣ እርዱኝ ብሏል። የኛ ሰው ጭንቀት ሲይዘው መጀመሪያ ይደብቀዋል፤ ቀጥሎ ጸበል ይሄዳል፤ ሐኪም ዘንድ የሚደርሰው ከረፈደ በኋላ ነው። ጸበሉን አልነቅፍም፣ እኔም እጠመቃለሁ። ነገር ግን በሆሊውድ ጎዳና ላይ «ነጻ የጭንቀት ምርመራ» ብለው ሁለት ቆርቆሮ የሚያስይዟችሁ ሰዎች ሲጠሯችሁ እንድታውቁት፣ ቆርቆሮዎቹ የተያያዙበት ኢ-ሜትር የሚሉት መሣሪያ በሽታ እንደሚያክም አድርጎ መሸጥ በ1971 በዋሽንግተን ፌዴራል ፍርድ ቤት ታግዷል፤ ለሃይማኖታዊ አገልግሎት ብቻ፣ ለሕክምና እንደማይሆን የሚገልጽ ጽሑፍ ተለጥፎበት እንዲሠራበት ተፈቀደ። መርፌው የሚለካው የእጃችሁን ቆዳ የኤሌክትሪክ መቋቋም ነው። የመሥራቹ ስም በከተማው ማኅተም መንገድ ላይ ተሰቅሎ ያየ አዲስ ገቢ፣ እንግሊዝኛው ገና ያልተፈታ ልጅ «መንግሥት ያከበረው ሰው ነው» ቢል ምን ብዬ ልመልስለት?

አክብሮቱን ከቅርብ ያዩ የቀድሞ አባላት የሚሉትም ያስገርማል። በየቅርንጫፉ ለሀባርድ የተዘጋጀ ቢሮ አለ፤ ወንበሩ፣ ጠረጴዛው፣ እስክርቢቶው፣ ወረቀቱ ልክ አሁን ይገባል እንደተባለ ተሰናድቶ ይቀመጣል። የሞተው ጥር 24 ቀን 1986 ክሬስተን በሚባል ቦታ በእርሻው ላይ ነው፤ ስትሮክ ነው የገደለው። ከሦስት ቀን በኋላ ሆሊውድ ፓላዲየም ውስጥ ለተሰበሰቡት አባላት የተነገራቸው ሞተ ተብሎ አይደለም፤ ምርምሩን ለመቀጠል ሰውነቱ እንቅፋት ስለሆነበት በፈቃዱ ትቶት ሄደ ተባለ። ጽሑፎቹ በብረት ሰሌዳ ላይ ተቀርጸው ኒው ሜክሲኮ ውስጥ፣ ትሬሜንቲና አጠገብ፣ ከተራራ ሥር በተቆፈረ ጎተራ ተቀምጠዋል። ለአንድ የልብወለድ ጸሐፊ ይህ ሁሉ ብዙ ነው፤ ግን በገዛ ገንዘባቸው፣ በገዛ መሬታቸው ነው። የኔ ነገር አይደለም።

የሚያስጨንቀኝ አክብሮቱ መተንፈሻ የሌለው መሆኑ ነው። በ1965 ሀባርድ ያወጣው መመሪያ ዘዴው ፍጹም እንደሆነና ማንም አንዲት ነገር መለወጥ እንደማይችል ያዛል፤ አባላት ዛሬም በየትምህርቱ መጀመሪያ ያነቡታል። እኛ ቅዱሳንን እናከብራለን፣ ገድላቸውን እናነባለን፤ ሊቃውንቱ ግን በገድሉ ውስጥ ያለውን ሲከራከሩበት ኖረዋል፣ ቅኔ ቤት የገባ ሰው ያውቀዋል። ሳይንቶሎጂ ውስጥ ግን አርምስትሮንግ የሠራውን ዓይነት ሥራ ለመሥራት የሚደፍር ካለ መጀመሪያ መውጣት አለበት። ከውጭ ደግሞ ከተማው ታፔላ ሲሰቅልለት ክርክሩ ያለቀ ይመስላል።

«ስማቸው መንገድ ላይ ያለ ስንት ጥፋተኛ አለ፣ ይህን ብቻ ለምን?» የሚለኝ አይጠፋም። እውነት ነው። ብዙዎቹ ግን ስማቸው ሲወጣ ፍርድ ቤት ምን እንዳለ ማንም አልመዘገበም፣ ወይ ሌላ የሠሩት የሕዝብ ሥራ አለ። ለዚህ ከተማ ሀባርድ ምን ሠራ? መንገድ አልሠራም፣ ሆስፒታል አልከፈተም፤ እንዲያውም ሰፈሩ ሆስፒታል የነበረውን ሕንጻ ለሌላ ሥራ ሆኖ ነው የሚያየው። ወጪውም ብዙ አይደለም። ሕንጻው ሰንሴት ላይ በር አለው፣ ቁጥሩም 4810 ነው፤ ደብዳቤያቸው አይጠፋም። አማኞቹ የሚያጡት አንዲት ጸሎት፣ አንዲት ትምህርት፣ አንድ ክፍል የለም።

ስለዚህ ጉዳዩ በአጀንዳ ተይዞ የሰፈሩ ነዋሪ፣ ሳይንቶሎጂ አማኙም ሆነ ሌላው፣ ሐሳቡን ይስጥበት። የ1990ዎቹን ፋይል ከነደብዳቤዎቹ አውጡልን። አጀንዳው የሚያዝበትን ቀን አሳውቁኝ፤ ለሕዝብ አስተያየት በምትሰጡት ደቂቃ ለመናገር እመዘገባለሁ። አስተርጓሚ አያስፈልገኝም።

ከአክብሮት ጋር፣
የምስራቅ ሆሊውድ ነዋሪና መራጭ